ከእኔ በኋላ በሉ፦ አመመኝ

እንግሊዝኛ ለማቅለሽለሽ ቃል የለውም ይላሉ። ውሸት ነው። በየሰርጉ ድንኳን አንድ ሰው አይጠፋም፤ ብርጭቆውን አስቀምጦ «እስቲ አጥወለወለኝን በእንግሊዝኛ በል! አትችልም፤ ስለሌላቸው ነው!» እያለ የሚያፋጥጥ። የራስን ቋንቋ ሀብት ለማሳየት የሰውን ቋንቋ ማደህየት የምንወደው ጨዋታ ነው። እኔ ግን ቃላቱን አውቃቸዋለሁ። ሊያስመልስህ ሲተናነቅህ ኖዚየስ አለ። ሆድህ ገና ሳይወስን ሲያመነታ ኩዊዚ አለ። ቤቱ ሲዞርብህ ዲዚ፣ ልብህ ጥፍት ሲል ፌይንት፣ ያየኸው ነገር ሲቀፍህ ዲስገስትድ አለልህ። ሲክ ደግሞ እንደ ጨው በሁሉም ውስጥ ይገባል። ሰዎቹ ቃል ሞልቷቸዋል። እኔ እነዚህን ቃላት አንድ ጠዋት ላይ ሁሉንም፣ በየተራ፣ በገዛ አካሌ ተጠቅሜባቸዋለሁ። አንዱም አልሠራም።

ነገሩ አርባ ምንጭ ነው የሆነው፤ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው፣ ፈረንጆች አዞ ለማየት እንደገና መምጣት በጀመሩበት ጊዜ። እኔ ያኔ ከዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተመርቄ፣ ሥራ ፍለጋ የየመሥሪያ ቤቱን በር ስጠብቅ የከረምኩ ቀጭን ወጣት ነበርኩ። ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ አንዱም ምሳ አብልቶኝ አያውቅም። በመጨረሻ አንድ ጓደኛዬ «አርባ ምንጭ ውስጥ የሆቴልና የጀልባ ሠራተኞችን እንግሊዝኛ የሚያስተምር ይፈልጋሉ፤ ሙቀት ካልፈራህ ሂድ» አለኝ። ሙቀት አልፈራሁም። ሥራ አጥነት እንጂ ሙቀት ሰው አዋርዶ አያውቅም።

ቅጥሩ ጊዜያዊ ነበር። ቋሚ የሚያደርገኝ አዋሳ ካለው ቢሮ የሚመጣ አንድ ሱፐርቫይዘር ነው። ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ያያል፤ ከወደደኝ ቋሚ እሆናለሁ፣ ካልወደደኝ ወደ መጣሁበት እመለሳለሁ። ወደ መጣሁበት ማለት ወደ እናቴ ሳሎን፣ «ዛሬስ ምን አሉህ?» ወደሚባልበት ሶፋ ማለት ነው። በዚያ ሶፋ ላይ ዳግመኛ ከመቀመጥ ከአዞ ጋር መቀመጥን እመርጥ ነበር።

ተማሪዎቼ ሠላሳ ያህል ጎልማሶች ናቸው። ከሁሉም ሁለቱን ልንገራችሁ። አንዱ ኦይታ ነው፤ አባያ ላይ ጀልባ የሚነዳ፣ ትከሻው እንደ በር ሰፊ፣ አማርኛውን ኋላ የለመደ ሰው። ሲያወራ ወንድና ሴት ይደባለቁበታል፤ እሱ ግን ቅንጣት ታህል አይጨነቅም። ሌላዋ ወይዘሮ አስካለ ናቸው፤ የገረሴ ሰው፣ ደጋ ተወልደው ሙቀት ውስጥ ያረጁ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ባለ ሆቴል የመኝታ ክፍሎች ኃላፊ። በዕድሜ እናቴን ይሆናሉ። ክፍል ውስጥ «ቲቸር»፣ ከበር ውጭ «ልጄ» ይሉኛል።

አንድ ሕግ አወጣሁ። ክፍል ውስጥ አማርኛ ክልክል ነው። ጥቁር ሰሌዳው ጥግ ላይ በኖራ «ኖ አምሃሪክ» ብዬ ጻፍኩ። አማርኛ የተናገረ ሰው ከሰሌዳው አጠገብ ቆሞ ይማራል። ዩኒቨርሲቲ ያነበብኩት መጽሐፍ ቋንቋ የሚለመደው የለመዱትን ቋንቋ በመርሳት ነው ይል ነበር፤ የጻፈው ሰው ሌላ ቋንቋ እንዳልነበረው መጠርጠር ነበረብኝ። ወይዘሮ አስካለ በመጀመሪያው ሳምንት እጃቸውን አወጡና፦

«ቲቸር፣ ልጅ ሳለን ትምህርት ቤት ጋሞኛ ክልክል ነው አሉን፣ አማርኛ ለመድን። አሁን አማርኛም ክልክል ሆነ። ቀጥሎ የቀረን በእጅ ማውራት ነው?» አሉኝ።

የተናገሩት በአማርኛ ስለነበር አስቆምኳቸው።

ሁለተኛው ልማዴ «ሪፒት አፍተር ሚ» ነው። እኔ እላለሁ፣ ክፍሉ ይደግማል። እጄን ወደ ላይ ካነሣሁ ድምፅ ይጨመር ማለት ነው። ተማሪዎቼ በዚህ የተዋጣላቸው ነበሩ። ስስል የሚስል ሰው ነበረኝ።

የሕመም ቃላትን ያመጣው ሆቴሉ ውስጥ የሆነ ነገር ነው። አንድ ፈረንጅ እንግዳ ፊቱ ገርጥቶ፣ አንድ እጁ ሆዱ ላይ፣ ሌላው አፉ ላይ ሆኖ ከክፍሉ ይወጣል። አስተናጋጁ ምልክቱን አየ፤ ሆድ፣ አፍ። ሮጦ ዓሣ ጥብስ አመጣለት። ከዚያ የሆነውን ምንጣፉ ያውቃል። የሆቴሉ ኃላፊ «እባክህ አስታወከኝ የሚለውን አስተምርልኝ» አለኝ። እኔም ሱፐርቫይዘሩ በሚመጣበት ሰኞ ይህን ላስተምር ወሰንኩ። ሕይወት ያለው፣ ከሥራቸው ጋር የተያያዘ ትምህርት። ሱፐርቫይዘሮች ደግሞ መርጃ መሣሪያ ይወዳሉ። ስለዚህ ለዲስገስትድ የሚሆን የቆየ ዓሣ እንዲያመጣ ኦይታን አዘዝኩት።

ሰኞ ጠዋት ብርድ ብርድ እያለኝ ነቃሁ። አርባ ምንጭ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ሁለት ብርድ ልብስ ለብሼ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። ወባ ምን እንደሆነ የማያውቅ የደጋ ልጅ ነኝ፤ ሆኖም ይህ የፈተና ፍርሃት እንዳልሆነ ገባኝ። ተቀምጬ አሰብኩ። ወባ ነገም ይኖራል፤ ሱፐርቫይዘሩ ግን የሚመጣው ዛሬ ነው። ፊቴን ታጠብኩ፣ ያለችኝን አንድ ክራቫት አሰርኩና ትምህርት ቤቱ ወዳለበት የታችኛው ከተማ፣ ወደ ሲቀላ ወረድኩ።

ኦይታ በሩ ላይ ፌስታል ይዞ ጠበቀኝ። ፌስታሉን ሳላየው አወቅኩት።

«ቲቸር፣ ዓሣዋ መጥቷል» አለኝ በኩራት። «ከቅዳሜ ጀምሮ ጣሪያ ላይ አስተኝቼዋለሁ። አሪፍ አድርጋ ሸትቷል።»

«ኋላ ትከፍተዋለህ። እኔ ስልህ ብቻ።»

«ቲቸር፣ ደህና ነህ? ዓይንህ ቀልታለች።»

«ደህና ነኝ። ግባ።»

ሱፐርቫይዘሩ አቶ ይልማ በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ጨዋ ሰው ናቸው። ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «እኔ የለሁም ብላችሁ ቀጥሉ። ምንም ቢሆን ጣልቃ አልገባም» አሉ። ቃላቸውን ያከበሩ ባለሥልጣን እሳቸው ብቻ ናቸው።

ጀመርኩ። እጄን ግንባሬ ላይ አድርጌ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዝኩ።

«አይ ፌል ዲዚ።»

«አይ ፌል ዲዚ!» አሉ ሠላሳ ሰዎች፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዙ።

ስህተቴ ይህ ነበር። ትኩሳት ያለበት ሰው ፊቱ ሠላሳ ሰው ሲወዛወዝ ማየት የለበትም። ማስመሰል የጀመርኩት ነገር እውነት ሆነ። ክፍሉ ዞረ፤ ሰሌዳውን ያዝኩ። ከኋላ የአቶ ይልማን ብዕር አየሁት፤ ይጽፋል። መጻፋቸውን ሳይ ቀጥ አልኩ።

«ናው፣ ዲስገስትድ» አልኩና ለኦይታ ምልክት ሰጠሁት።

ኦይታ ፌስታሉን ፈታ። ስለ ሽታው ብዙ አልልም፤ ምሳ በልታችሁ ሊሆን ይችላል። ቆርቆሮው ከላይ ይግል ነበር፣ ነፋስ የለም፣ ዓሣው ደግሞ ከቅዳሜ ወዲህ ብዙ ነገር አሳልፏል። ፊቴን ኮሶ እንደጠጣ ሰው አጨማድጄ «አይ አም ዲስገስትድ!» አልኩ። ክፍሉ በታማኝነት ደገመ፤ ፊት ላይ ግን አንድም መጸየፍ የለም። የሐይቅ ዳር ሰዎች ናቸው። አንዱ ጀልባ ነጂ አንገቱን አስግጎ አየና «ጉድ ፊሽ» አለ፤ ጥሩ ዓሣ ነበር ለማለት። በዚያ ክፍል ውስጥ ዲስገስትድ የሆነ ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከዚያ ሆዴ ተነሣ። ወደ ጉሮሮዬ የመጣውን ነገር በጥርሴ ያዝኩት። ይህንን እንደ ሰው ልናገር አሰብኩ፤ በትምህርት መልክ ሳይሆን እንደ ተጨነቀ ሰው፣ ቀስ ብዬ፣ ዓይናቸውን እያየሁ፦

«አይ ፌል ኖዚየስ።»

«አይ ፌል ኖዚየስ!»

«ኖ… ሪሊ። አይ አም ሲክ።»

«ኖ ሪሊ አይ አም ሲክ!»

ዝም እንዲሉ እጄን ወደ ላይ አነሣሁ። ድምፅ ጨመሩ።

«ስቶፕ!» አልኩ።

«ስቶፕ!» አለ ክፍሉ፤ ቆርቆሮው ነዘረ።

«ፕሊስ!»

«ፕሊስ!»

አሁን የምትጠይቁኝን አውቃለሁ። ለምን በአማርኛ አላልክም? «አሞኛል» ማለት ምን ይከብዳል? ልንገራችሁ፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ነገር ግን «ኖ አምሃሪክ» የሚለው ጽሑፍ በገዛ እጄ ተጽፎ ከጆሮዬ አጠገብ ቆሟል፤ ከኋላ ደግሞ ብዕሩ አለ። መምህሩ የራሱን ሕግ ሲጥስ ያየ ሱፐርቫይዘር ምን ይጽፋል? የእናቴ ሶፋ ታየኝ። ቃሉን ከሌላው ነገር ጋር አብሬ ዋጥኩት።

የፊተኛው አግዳሚ ላይ የተቀመጡት ወይዘሮ አስካለ ከንፈሬን ሲያዩ ቆይተው ኖሮ ድንገት ጮኹ፦

«እኔን! እኔን፣ ልጄ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «አምሃሪክ! አምሃሪክ!» አሉ ሁሉም በአንድ ጊዜ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከልማድ የተነሣ በጣቴ ወደ ሰሌዳው አመለከትኳቸው። ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን አስተካክለው መጡና አጠገቤ ቆሙ። እንደ ተቀጣ ሰው ወደ ክፍሉ መዞር ሲገባቸው ወደ እኔ ዞሩ።

ኦይታ እጁን አወጣ። እሱም አንድ ነገር ጠርጥሯል፤ ሕጉን ግን ያከብራል። ብዙ ከታገለ በኋላ «ቲቸር… ዩ… ፌስ… አመድ» አለ።

«ፉል ሴንተንስ» አልኩት። በዚያ ሰዓት እንኳ! ሞት መጥቶ በሩን ቢያንኳኳ «ሜይ አይ ከም ኢን በል» እለው ነበር።

ኦይታ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲፈልግ ክፍሉ ከዳር እስከ ዳር ጨለመ። የቀረኝ አንድ ቃል ነበር።

«አይ ፌል ፌይንት።»

«አይ ፌል ፌይንት!» ሲሉ የሰማሁት አባያ ውስጥ ሰጥሜ ከላይ የሚጮኹ ያህል ሆኖ ነው። ከዚያ ወደቅኩ።

ቀጥሎ ያለውን የነገሩኝ ኋላ ነው። መሬት አልደረስኩም። በዚያ ክፍል ውስጥ ቆሞ የነበረ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የተቀጡት ወይዘሮ አስካለ። በሁለት እጃቸው ያዙኝ። ክፍሉ አጨበጨበ። አቶ ይልማ ከመቀመጫቸው ተነሥተው አጨበጨቡ። ሰዎቹ አልጨከኑም፤ በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ትምህርት አላዩም ነበር።

«ሰውየው እሳት ሆኗል! ውሃ አምጡ!» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

«አምሃሪክ!» አለ አንድ ቀልደኛ ከኋላ።

ያን ጊዜ ወይዘሮ አስካለ በጋሞኛ ተናገሩ። ያሉትን ማንም ሊተረጉምልኝ ፈቃደኛ አልሆነም። ቃሉ ምንም ይሁን ምን፣ ሠላሳ ጎልማሶች በአንድ ጊዜ ብድግ አሉ። አግዳሚ ወንበር ተገለበጠ፣ ተጠረገ፤ እኔን አስተኙበት፣ ኦይታ ከፊት፣ ሌሎች ከኋላ ተሸከሙት። በሩ ላይ አቶ ይልማ መዝጊያውን ይዘው በአድናቆት «ይኼ የተግባሩ ክፍል ነው?» ብለው ኦይታን ጠየቁት። ኦይታ ባለሥልጣን ሲያናግረው ይደነግጣል። ከሚያውቀው እንግሊዝኛ ሁሉ የማያጣላውን መረጠ፦

«የስ!»

መንገድ ላይ ነቃሁ። ሰማዩ ከላዬ ይንቀሳቀሳል። ዙሪያዬን ሕዝብ ይከተላል። የሲቀላ ሰው አግዳሚ ላይ የተኛ ሰው ሲያይ ቆቡን ማውለቅ ያውቃል።

«ማን ነው የሞተው?» አለች አንዲት የሙዝ ነጋዴ።

«የእንግሊዝኛ አስተማሪው ነው፣ አልሞተም» አለ ኦይታ።

«ታዲያ የት ትወስዱታላችሁ?»

«ትምህርት ላይ ነን!» አለ ያው ቀልደኛ።

ጤና ጣቢያ ደረስን። ነጭ ጋውን የለበሰች ነርስ ጎንበስ ብላ «ምን ይሰማሃል?» አለችኝ። የሚገርመው፣ ትኩሳቱ አማርኛዬን ወስዶታል፤ ወይም ክልከላው ከሰሌዳው ወርዶ ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቷል። «አይ ፌል ኩዊዚ» አልኳት። ከኋላዬ፣ በር ላይ የተጨናነቁት ተማሪዎቼ፦

«አይ ፌል ኩዊዚ!»

ነርሷ ቀና አለች። «እነዚህ ሁሉ ታመዋል?»

«አይደለም፣ እሱ ብቻ ነው» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «እነሱ የለመዱት ነው።»

«ወንድም፣ በምናውቀው ቋንቋ ንገረኝ። ምን ሆንክ?»

ወይዘሮ አስካለ ጎንበስ ብለው ጆሮዬ ላይ «ልጄ፣ አሁን ክፍል አይደለም፤ ተናገር» አሉኝ። «አጥወለወለኝ» አልኩ። «እኔን!» አለች ነርሷ፤ እጇ ወዲያው የእጄን ደም ሥር ፍለጋ ገባ። ከቃሉና ከእጇ የትኛው እንደቀደመ አላውቅም። አለቀስኩ። ለወባ አይደለም፤ ከጠዋት ጀምሮ ስጠራ ውዬ መልስ ያገኘሁት ያኔ ስለነበር ነው።

ደም ታየ፣ ወባ ነው፣ ክኒን ተሰጠኝ፣ ግሉኮስ ተተከለልኝ። ጥቂት ቀናት ተኛሁ። ተማሪዎቹ በየተራ መጡ፤ ላንቴ ከሚባለው የሙዝ መንደር የመጣች አንዲት ተማሪ የሙዝ ዘለላ አልጋዬ ሥር አስቀመጠች፣ የሆቴሉ ሾርባ አልተቋረጠብኝም። ኦይታ ትኩስ ዓሣ አመጣ። ዓሣውን ሳየው ግሉኮሱን ነቅዬ ልሸሽ ነበር።

አቶ ይልማ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ሊያዩ ወደ ገረሴ ወጥተው ነበር። ሐሙስ ተመለሱና አልጋዬ ድረስ መጡ። ከደስታቸው ብዛት ወንበር አልፈለጉም።

«ታመህ ነው አሉኝ። መቼ ነው የጀመረህ?»

«ሰኞ ጠዋት ነው፣ ጋሼ።»

«ከትምህርቱ በኋላ።»

«ከትምህርቱ በፊት።»

«በትምህርቱ ጊዜ ግን ደህና ነበርክ።»

«በትምህርቱ ጊዜማ ወደቅኩ።»

«እሱንማ አየሁት! ግሩም ነበር!» ትከሻዬን መቱኝ። «ስንት ዓመት በየክፍሉ ስቀመጥ እንዲህ ያለ አላየሁም። ያ አወዳደቅ! ዓይን መገልበጡ!»

«ጋሼ፣ እውነቴን ነው የወደቅኩት።»

«እኔም የምለው እውነት ይመስላል ነው። በቋሚ ቅጥር ላይ አስተያየቴን ጨርሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ ነገ ከየወረዳው የመጡ መምህራን ስብሰባ አለ። በዚያው ክፍል፣ በእነዚያው ተማሪዎች፣ ያንኑ ታሳያቸዋለህ። እነሱ ካዩ በኋላ ወረቀቱን እፈርማለሁ።»

ሁለት ጊዜ እውነቱን ነገርኳቸው፤ ሁለት ጊዜም አደነቁኝ። ሦስተኛ ጊዜ ለመናገር ጉልበት አልነበረኝም፤ ቋሚ ቅጥሩም አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያየኝ ነበር።

አርብ ሄድኩ። ክፍሉ በመምህራን ተሞልቷል፤ በመስኮት የሚያዩም አሉ። ተማሪዎቼ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ላይ ግን ከዚያ በፊት አይቼ የማላውቀው ነገር ነበር። ማንም አይስቅም። ሁሉም ያዩኛል፤ ያቺ ነርስ እንዳየችኝ። ወይዘሮ አስካለ ማንም ሳይቀጣቸው ከሰሌዳው አጠገብ ቆመዋል። ለምን እንደቆሙ በዓይኔ ብጠይቃቸው አንገታቸውን ወዘወዙ፤ አልቀመጥም።

እጄን ግንባሬ ላይ አደረግኩ። መወዛወዝ ጀመርኩ። ወባ በሌለበት መወዛወዝ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አትጠይቁኝ።

«ሪፒት አፍተር ሚ። አይ ፌል…»

የቀረውን ቃል አላደረስኩም። ኦይታ አግዳሚውን አንሥቷል። የተቀመጡበት ሰዎች መሬት ላይ ናቸው። ወይዘሮ አስካለ ከኋላዬ ብብቴን ይዘዋል። አንዷ ውሃ ፊቴ ላይ ደፋች፣ አንዱ ክራቫቴን ፈታ። በዓይን ቅጽበት አግዳሚው ላይ ተጋድሜ በመምህራኑ መካከል አልፍ ነበር።

«አይ አም ፋይን!» ብዬ ጮኽኩ። አንድም ሰው አልደገመም።

«አይ አም ፋይን! ሪፒት አፍተር ሚ! አይ አም ፋይን!»

«የታመመ ሰው መች አመመኝ ይላል» አሉ ወይዘሮ አስካለ፣ ግንባሬን በመዳፋቸው እየዳሰሱ። «ፍጠኑ!»

«ደህና ነኝ! እትዬ አስካለ፣ ደህና ነኝ! እየተጫወትኩ ነው!»

«አምሃሪክ!» አለ ቀልደኛው፣ የአግዳሚውን አንድ ጫፍ እንደያዘ፣ እየሮጠ።

እንደገና በሲቀላ በኩል አለፍን። የሙዟ ነጋዴ ዘንቢሏን አስቀምጣ «አሁንስ ሞተ?» ስትል ሰማሁ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ነርሷ ግንባሬን ነካች፣ ዓይኔን አየች፣ ወደ ተማሪዎቹ ዞረችና «ይኼ ሰው ምንም የለውም» አለች። ኦይታ ላቡን ጠረገ፤ ሳቀ። «እሰይ! ታዲያ ዳነች!» አለ። ማንም አልተቆጣም፣ ማንም አላፈረም። የተሸከሙኝ ሁሉ ተራ በተራ እጄን ጨብጠው ሄዱ።

አቶ ይልማ ወረቀቱን አልፈረሙም። «ይዘትህ ጥሩ ነው» አሉኝ ማታ፣ ከልባቸው አዝነው። «ክፍሉን መቆጣጠር ግን አልቻልክም። ተማሪ መምህሩን ተሸክሞ የሚወጣበት ትምህርት ለሌላ አርአያ አይሆንም። ደግሞም የዛሬው አወዳደቅህ… ይቅርታ አድርግልኝና… የሰኞውን አያህልም።»

በሳምንቱ አውቶቡስ ላይ ተሳፈርኩ። የእናቴ ሶፋ እንደ ነበረ ቆየኝ። እዚያው ሶፋ ላይ ተቀምጬ መጻፍ ጀመርኩ፤ የምታነቡኝ ከዚያ ወዲህ ነው። ቋሚ ሆኜ ቢሆን ኖሮ ዛሬም «ኖ አምሃሪክ» ብዬ የምጽፍ፣ ጡረታዬን የምጠብቅ ሰው በሆንኩ፣ አንባቢዎቼም ከእኔ በዳኑ ነበር።

ብዙ ሰው ይህን ስነግረው ይስቅና «ያው የቋንቋ ችግር ነው» ይለኛል። አይደለም። ቋንቋው ምንም አልጎደለውም፤ ተማሪዎቼም እያንዳንዱን ቃል ከእኔ ይልቅ ጥርት አድርገው ይሉት ነበር። የጎደለው ሌላ ነው። እኛ ዘንድ «አመመኝ» የሚለው ቃል ብቻውን አይሄድም፤ «እኔን» የሚል መልስ አለው። ማንም ወባህን ከልቡ ሊወስድልህ አይፈልግም፤ ይህን አውቃለሁ፣ የዋህ አይደለሁም። ነገር ግን «እኔን» ያለ ሰው ዝም ብሎ ቁጭ ማለት ያሳፍረዋል፤ እግሩ ይነሣል። ጋሞኛም እንዲህ ያለ አለው አሉኝ ወይዘሮ አስካለ፤ እንግሊዝኛም ባለቤቶቹ ቤት ውስጥ ሳይኖረው አይቀርም። እኔ ግን ያስተማርኩት ጥሪውን ብቻ ነበር፤ መልሱን ቆርጬ ጥዬ። ለዚያም ነው ሰኞ ዕለት ሠላሳ ሰው ሕመሜን አሳምሮ ሲጠራው የዋለው። አርብ ዕለት ግን እነዚያ ሰዎች ቃሉን ያውቁት ነበር። ቃሉን ማወቃቸውን ያየሁት ደግሞ አለመድገማቸውን ሳይ ነው። ሥራዬን ያጣሁበት ትምህርት በሕይወቴ ያስተማርኩት ብቸኛ ትምህርት ነው።

ከዓመት በኋላ ኦይታ በሰው መልእክት ላከብኝ። አንዲት ፈረንጅ አባያ መካከል ላይ «አይ ፌል…» ስትል ጨርሳ ሳትናገር ጀልባውን አዙሮ ወደ ዳር ከነፈ። ሴትዮዋ ልትል የፈለገችው ደስ አለኝ ነበር። ተቆጣች፣ ገንዘቤ ይመለስ አለች። ኦይታ ግን አልተጸጸተም፤ «ሌላ ቀንም አዞራታለሁ» ብሏል።

እና እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ስለ ቋንቋ ሀብትና ድህነት በየድንኳኑ የምትከራከሩ ሁሉ፣ አንድ ነገር ልዘዛችሁ። ሰው አመመኝ ሲላችሁ፣ በየትኛውም ቋንቋ፣ በምንም ዓይነት ስሕተት ቢሆን፣ አትድገሙት፣ አታርሙት፣ አታጨብጭቡለት። ተነሡ።